«በቴሌቪዥን አይተው ነው የጀመሩት»፦ ስለ ሌሊት ወፍ ከሐዋሳ ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሐዋሳ ታቦር አካባቢ የምኖር መምህርት ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት በሳተላይት በሚተላለፍ አንድ የጀብዱ ውድድር ላይ ተወዳዳሪዎቹ የሌሊት ወፍ የሞላበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ጭንቅላታቸውን ሲያስገቡ አየን። አንደኛው ደግሞ አንዷን ክንፏን በሁለት እጁ ዘርግቶ እየሳቀ ለካሜራው ካሳየ በኋላ ወረወራት። በዚያው ሳምንት አንድ የአገር ውስጥ ፕሮግራም የሌሊት ወፎች ከጣሪያ በጭስ ሲባረሩና የወደቁት በመጥረጊያ ሲመቱ አሳየ። አሁን የሰፈሩ ልጆች፣ የ12 ዓመቱ ልጄም ጭምር፣ ሲመሽ ከኮርኒሳችን የሚወጡትን በወንጭፍ ማደን ይዘዋል። ስቆጣቸው ‹በቴሌቪዥንም ይሄው ያደርጉታል› ይሉኛል። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ‹ጂንካ ላይ የማርበርግን በሽታ ያመጣው እሱ ነው፤ በርበሬ አጭሰን እንጨርሰው› ብለው ለቅዳሜ ተቀጣጥረዋል። እኔ ነኝ የማካብደው? ጥቂት የሌሊት ወፍ ቢሞት ለዱር እንስሳት ጥበቃ ምን ያጎድላል? ከኮርኒሴስ እንዴት ላስወጣቸው?»

አላካበዱም። ከሁሉ በፊት የቅዳሜው ቀጠሮ ይቅር። ጭሱ ለእንስሳቱ ብቻ ሳይሆን ለቤትዎም ለልጆቹም የባሰ ነገር ያመጣል፤ ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ። መጀመሪያ ግን ስክሪኑ ላይ የታየው ነገር ምን እንደሆነ በትክክል መነገር አለበት። ብዙ ሰው ያን ትዕይንት አይቶ «ታዲያ ምን ሆነች? ተያዘች፣ ተለቀቀች፣ አለቀ» ነው የሚለው።

የሌሊት ወፍ ክንፍ እጅ ነው። ምሳሌ አይደለም፤ አጥንቱ የእኛው እጅ አጥንት ነው። መዳፍዎን ዘርግተው ይመልከቱ፦ አውራ ጣቷ ከላይ በኩል እንደ ትንሽ ሜንጦ ወጥታለች፤ የቀሩት አራት ጣቶች እንደ ጃንጥላ ዘንግ ረዝመዋል። በጣቶቹ መካከል የተወጠረው ቆዳ ሁለት ስስ ንብርብር ሲሆን፣ በውስጡ የደም ሥር፣ ነርቭና ክር የሚያህል ጡንቻ ያልፍበታል። ላዩ ላይ የአየሩን ፍሰት የምታነብባቸው በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ፀጉሮች አሉ። ጣሪያችን ውስጥ የሚጠለሉት ትናንሾቹ ዝርያዎች ክብደታቸው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ግራም ነው፤ የጣታቸው አጥንት ከክብሪት እንጨት ይቀጥናል። እንዲህ ያለችውን እንስሳ በሁለቱ የክንፍ ጫፍ ይዞ መዘርጋት አንድን ሕፃን በጣቶቹ ጫፍ አንጠልጥሎ እንደ መያዝ ነው። ስትፈራገጥ ጉልበቷ ሁሉ ትከሻዋና ክርኗ ላይ ያርፋል። ቆዳው ብቻ ከተቀደደ በሳምንታት ውስጥ ሊገጥም ይችላል። የጣት አጥንት ከተሰበረ ግን መብረር የለም፤ መብረር ከሌለ መብላት የለም። «ተለቀቀች» የተባለችው እንስሳ በጥቂት ሌሊቶች ውስጥ በረሃብ ትሞታለች፤ ያኔ ካሜራው ወደ ሌላ ጨዋታ ሄዷል።

የመስታወት ሣጥኑም ከዚህ አይሻልም። የሌሊት ወፍ ከሰውነቷ መጠን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ሰፊ የሆነ እርቃን ቆዳ ስላላት፣ በመብራት በሚሞቅ ዝግ ቦታ ውስጥ ውሃዋን በፍጥነት ታጣለች። አፏን ከፍታ ጥርሷን የምታሳየውም ተቆጥታ ልትነክስ ስለተነሣች ነው ብለን እናስባለን፤ ድምፁንና ሙዚቃውን የሚጨምሩትም እኛ እንደዚያ እንድናስብ ነው። ነፍሳት የሚበሉት ዝርያዎች የአካባቢያቸውን ሁኔታ የሚለዩት ድምፅ አሰምተው የገደል ማሚቶውን በማዳመጥ ነው፤ ብዙዎቹ ድምፁን የሚያወጡት በአፋቸው ስለሆነ አፋቸውን ሳይከፍቱ «ማየት» አይችሉም። በእጅ የተያዘች ደግሞ ከፍርሃት የተነሣ ታፏጫለች። በነገራችን ላይ የትኛዋም የሌሊት ወፍ ዕውር አይደለችም። ፍሬ በሎቹ እንዲያውም ትልልቅ ዓይን ያላቸው ሲሆኑ አብዛኞቹ የሚመሩት በማየትና በማሽተት ነው።

ልጆችዎ ሲያዩ አብረው ሆነው የሚለዩባቸውን ምልክቶች ልስጥዎ። ክንፍ በሁለት እጅ ተወጥሮ መያዙ አንዱ ነው። በጠራራ ፀሐይ ከዋሻ በመንጋ ሲግተለተሉ ከታዩ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ አስደንግጧቸዋል ማለት ነው፤ በተፈጥሯቸው የሚወጡት ሲመሽ ነው፤ በቀን የወጣችውን ጭልፊት ይጠብቃታል። ወለል ላይ ላባም ፀጉርም የሌለው ሮዝ ነገር ሲንቀሳቀስ ካዩ ከእናቱ ጡት የወደቀ ግልገል ነው። ኃይለኛ መብራት በማደሪያቸው ውስጥ ሲበራ እናቶች ተደናግጠው ይነሣሉ፤ ግልገሎች ይወድቃሉ፤ የወደቀውን እናቱ ወርዳ የምታነሣው ከስንት አንድ ነው። ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ገብቶ «ሲበሩ እንቅረጻቸው» ብሎ የሚያጨበጭብ ጎብኚ ሁሉ ይህን እያደረገ መሆኑን ባያውቅም እያደረገው ነው። በባዶ እጅ መያዝም ሌላው መጥፎ ምልክት ነው፤ የሚያውቅ ሰው ያለ ጓንት አይነካም።

«ጥቂት ቢሞት ምን ያጎድላል?» የሚለው ጥያቄ ላይ ልቆይ፤ ስህተቱ ያለው እዚህ ነውና። የሌሊት ወፍ ትንሽ ስለሆነችና መልኳ አይጥ ስለሚመስል እንደ አይጥ ትራባለች ብለን እናስባለን። አይጥ በዓመት ደጋግማ፣ በአንድ ጊዜም ስድስት ሰባት ትወልዳለች። አብዛኞቹ የሌሊት ወፎች ግን በዓመት የሚወልዱት አንድ ግልገል ብቻ ነው፤ በዓመት ሁለቴና ሦስቴ የሚወልዱ ጥቂት ዝርያዎች ቢኖሩም እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ በየጊዜው አንድ አንድ ነው። በምትኩ ዕድሜያቸው ረጅም ነው። ከ20 ዓመት በላይ የሚኖሩ ብዙ ናቸው፤ ሳይቤሪያ ውስጥ ምልክት ተደርጎባት የተለቀቀች 6 ወይም 7 ግራም የምትመዝን ዝርያ ከ41 ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኝታለች። ሕይወታቸው የተሠራው ጥቂት ወልዶ ረጅም በመኖር ላይ ነው።

በቁጥር እንየው፤ ስሌቱ ማሳያ ብቻ ነው። 100 ትልልቅ የሌሊት ወፎች ያሉበት ጣሪያ ቢኖር፣ 50ዎቹ እናቶች ቢሆኑ፣ በዓመት 50 ግልገል ይወለዳል። ግማሹ ዓመት ሳይሞላው ቢሞት 25 ይቀራል። ከትልልቆቹ 20 በዕድሜ፣ በጉጉትና በድመት ቢጎድሉ የዓመቱ ትርፍ አምስት ነው። እንግዲህ በአንድ ቅዳሜ 50 ከተገደሉ፣ ሌላ ምንም ሳይነካቸው ወደ ነበሩበት ለመመለስ 14 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል። የእርስዎ የ12 ዓመት ልጅ 26 ዓመት ይሆነዋል።

ቴሌቪዥኑ ለጥበቃ ሥራ የሚያመጣው ጉዳት በዚህ በኩል ነው። በሣጥኑ ውስጥ የሞቱት አሥር ወይም ሃያ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚበልጠው ግን ተመልካቹ ከትዕይንቱ ይዞት የሚነሣው ትምህርት ነው፦ ይህቺ እንስሳ የሚያስጠላ ነገር ናት፣ ብትያዝም ብትወረወርም ችግር የለውም፣ መግደሏም ሙያ ነው። በዚህ ዓይነት የተማረ ሰው የሌሊት ወፍ ያደረበትን ዋርካ ሲቆርጡ ዝም ይላል፤ የዋሻ አፍ ላይ ጎማ ሲያቃጥሉ ያግዛል፤ ሊያጠና ለመጣ ባለሙያም በር አይከፍትም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020፣ ኮሮና በተሰማበት ሰሞን፣ ፔሩ ውስጥ የገጠር ሰዎች ችቦ ይዘው የሌሊት ወፎችን ሊያቃጥሉ ሄደው የአገሪቱ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን 200 ያህሉን አድኖ ወደ ሌላ ዋሻ ወስዷቸዋል። እነዚያ ሰዎች ጨካኝ ሆነው አልተፈጠሩም፤ ሲሰሙት የሰነበቱትን ነው ያደረጉት።

ወሬ ወደ ሌላም አቅጣጫ ይወስዳል። አሜሪካ፣ ኦስቲን ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ድልድይ ታድሶ በስንጥቆቹ ውስጥ የሌሊት ወፎች ሲሰፍሩ ጋዜጦች ሕዝቡን አስፈራሩ፤ ይጥፉልን የሚል ፊርማ ተሰበሰበ። ባለሙያዎች ሰውን በትዕግሥት አስረዱ። ዛሬ በበጋ 1.5 ሚሊዮን ያህል የሌሊት ወፍ የሚያድርበት ያ ድልድይ የከተማዋ ትልቅ የቱሪስት መስህብ ነው። ድልድዩም እንስሳዋም አልተቀየሩም፤ የተቀየረው የሚነገርላቸው ነገር ነው።

አሁን ወደ ጂንካው ጉዳይ። ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም፤ በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ ወረርሽኝ መከሰቱ ተረጋግጦ ነበር፤ በሽታው በአማካይ ከሚይዛቸው ሰዎች ግማሹን የሚገድል ክፉ በሽታ ነው። ስለዚህ «የሌሊት ወፍ ምንም በሽታ የለባትም» ብዬ አላታልልዎትም። ግን ነገሩ መለየት አለበት። የማርበርግ ቫይረስ በተፈጥሮ የሚኖርበት እንስሳ አንድ የታወቀ ዝርያ ነው፦ የግብፅ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ። ይህ ዝርያ በዋሻና በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ በብዙ ሺህ ሆኖ የሚኖር፣ ፍሬ የሚበላና በመጠኑ ተለቅ ያለ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚጠለሉት ትናንሽ ነፍሳት በሎች ሌሎች ዝርያዎች ናቸው። ሰው በማርበርግ የሚያዘው በአብዛኛው እንዲህ ባለ ዋሻ ወይም ማዕድን ውስጥ ረጅም ጊዜ ሲቆይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚዛመተው ከታማሚ ሰው ወደ ሰው፣ በደምና በሰውነት ፈሳሽ ንክኪ ነው። ወንጭፍ የያዘ ልጅ የወደቀችውን የሌሊት ወፍ በእጁ ሲያነሣ፣ ሲያገላብጥ፣ ደሟን ሲነካ፣ ጎረቤቶችዎ ሊያስወግዱት የፈለጉትን ንክኪ ራሱ እየፈጠረ ነው።

መግደል በሽታ አያጠፋም ብቻ ሳይሆን ሊያባብስ እንደሚችል የታየበት ቦታም አለ። ኡጋንዳ፣ ኪታካ በሚባል ማዕድን እ.ኤ.አ. በ2007 ቆፋሪዎች በማርበርግ ታመሙ። በቀጣዩ ዓመት የማዕድኑን አፎች ዘግተውና መረብ ዘርግተው በዚያ የነበሩትን የሌሊት ወፎች ፈጇቸው። ማዕድኑ ግን ባዶ ሆኖ አልቀረም፤ ሌሎች መጥተው ሰፈሩበት። እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያው አቅራቢያ ኢባንዳ ላይ እንደገና ወረርሽኝ ተነሣ። ተመራማሪዎች ተመልሰው ሲመረምሩ ቀድሞ 5.1 በመቶ የነበረው ቫይረሱ የተገኘባቸው የሌሊት ወፎች ድርሻ 13.3 በመቶ ሆኖ አገኙት። ምክንያቱ አሳማኝ ነው፦ ነባሮቹ በሽታውን አልፈው የመከላከል አቅም ያዳበሩ ነበሩ፤ እነርሱ ሲያልቁ በቦታቸው የገቡት ቫይረሱን የማያውቁ ወጣቶች ስለሆኑ ቫይረሱ እንደ ልብ ተዛመተባቸው።

የእብድ ውሻ በሽታም ይነሣል። የሌሊት ወፎች የበሽታው ዘመድ የሆኑ ቫይረሶችን ሊይዙ ስለሚችሉ ማንኛውም ንክሻ በቸልታ አይታለፍም። ቢሆንም በአገራችን ሰውን የሚገድለው የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሻ ነው። ደም የሚመገቡት የሌሊት ወፎች ደግሞ ሦስት ዝርያዎች ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም የሚኖሩት በላቲን አሜሪካ ነው።

ለሌሊት ወፍ የሚቆረቆሩ ሰዎችም የሚያጋንኑት ነገር አለ። «አንዷ በሰዓት አንድ ሺህ የወባ ትንኝ ትበላለች» የሚለው በየቦታው ይጠቀሳል፤ ቁጥሩ ትንኝ በተሞላ ዝግ ክፍል ውስጥ ከተደረገ ሙከራ ተባዝቶ የመጣ ነው። ሐይቁ ዳር የሌሊት ወፍ ስላለ የሐዋሳ ወባ አይጠፋም፤ አጎበርዎን አያውልቁ። እውነተኛው ጥቅም ራሱ በቂ ነው። በሌሊት የሚበሩትን የእሳት እራቶች በገፍ የሚበሉት እነርሱ ናቸው። በ2009 ወደ አገራችን ገብቶ የደቡቡን በቆሎ ያስለቀሰው የአሜሪካ መጤ ተምች እናቱ በሌሊት የምትበር የእሳት እራት ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ አሜሪካ ውስጥ የሌሊት ወፎች በፈንገስ በሽታ ባለቁባቸው አካባቢዎች ገበሬዎች የሚረጩት የነፍሳት መድኃኒት 31 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ፍሬ በሎቹ ደግሞ የሾላና የዋርካን ዘር በአንድ ሌሊት በአሥሮች ኪሎ ሜትር ርቀት ይዘራሉ። ከእነርሱ አንዱ፣ ገለባማ ቀለም ያለው ትልቁ የአፍሪካ ፍሬ በል፣ ወደ አደጋ የተቃረበ ተብሎ በዓለም አቀፉ መዝገብ ተይዟል። የራሳችን የሆኑም አሉ፤ ከባሌ ሐረና ደን የተገኘችው ጆሮ ረጅሟ ዝርያ ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ገና ስማቸውን እየለየን ያለነውን ነው በመጥረጊያ የምንመታው።

ኮርኒስዎን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፦ አይግደሉ፣ በመረብ ያስወጡና ቀዳዳውን ይድፈኑ። የበርበሬ ጭስ፣ ናፍታሊን፣ ነጭ ጋዝ፣ የተባይ መድኃኒት፣ አንዱም አይሆንም። ጭስ ያደነዘዛቸው በየስንጥቁ ገብተው እዚያው ሞተው ይሸታሉ፤ ገሚሶቹ በኮርኒሱ ክፍተት ወደ መኝታ ክፍል ይወርዳሉ፤ መድኃኒት የነካቸው ውጭ ወድቀው ሕፃንና ድመት ያገኛቸዋል። የቆርቆሮና የእንጨት ጣሪያ ሥር እሳት ይዞ መግባት ስለሚያስከትለው ነገር ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። ቢሳካ እንኳን ቀዳዳው ክፍት እስከሆነ ድረስ ሌሎች ይተካሉ።

መጀመሪያ በእርግጥ የሌሊት ወፍ መሆናቸውን ያረጋግጡ። በመስኮቱ ደፍ ላይ የወደቀውን ጥቁር ኩስ በወረቀት አጥፈው ጫን ይበሉት፦ የሌሊት ወፍ ከሆነ እንደ ደረቅ አፈር ይፈርሳል፣ በውስጡም የሚያብረቀርቅ የነፍሳት ክንፍ ስብርባሪ ይታያል፤ የአይጥ ከሆነ ይጠነክራል፣ አይፈርስም። ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ምሽት ከ12 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ያህል ውጭ ቁጭ ብለው ከየት እንደሚወጡ ይዩ። አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከጓሮ ቢሆን ጥሩ ነው። መውጫው ዙሪያ ቅባት የነካው የመሰለ ጥቁር እድፍ፣ ከሥሩም ኩስ ይኖራል። ብዙ ጊዜ ቦታው የቆርቆሮው ሞገድ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት፣ ከአሸንዳው ጀርባ ወይም የጣሪያው ጫፍ መክደኛ የተነሣበት ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚያህል ክፍተት ይበቃቸዋል።

አሁን ዋናው ጥንቃቄ ይመጣል። ትልልቆቹ ከወጡ በኋላ፣ ምሽት ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ኮርኒሱ ሥር ቆመው ያዳምጡ። ቀጭን የማያቋርጥ ጩኸት ከተሰማ መብረር የማይችሉ ግልገሎች አሉ፤ ምንም ሳይነኩ ስድስት ሳምንት ያህል ጠብቀው እንደገና ያዳምጡ። በዚህ ጊዜ መረብ ከሰቀሉ እናቶቹ ውጭ ይቀራሉ፣ ግልገሎቹ ውስጥ በረሃብ ያልቃሉ፤ ሽታውና ትሉ ለእርስዎ ይተርፋል። እኛ አካባቢ እንደየዝርያው የሚወልዱበት ጊዜ ስለሚለያይ በወር ቆጥሮ መወሰን አይቻልም፤ ጆሮዎን ይመኑ።

ጩኸት ከሌለ ከዋናው መውጫ በቀር ሌላውን ክፍተት ሁሉ በቀን ይድፈኑ። ሲሚንቶ፣ ሲሊኮን፣ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ የሽቦ ወንፊት ይሆናል፤ ጨርቅና ካርቶን ግን አይቆይም። ከዚያ ዋናው መውጫ ላይ ለመስኮት የሚሆን ለስላሳ የፕላስቲክ ወንፊት እንደ መጋረጃ ይስቀሉ። ከላይና ከሁለቱ ጎን በሚስማር ወይም በፕላስተር ይያያዝ፤ ከታች ክፍት ሆኖ ከቀዳዳው በታች ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይንጠልጠል፤ በግድግዳውና በወንፊቱ መካከል ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ስትወጣ ተንሸራታ በታች ትወጣለች፤ ስትመለስ ግን በማሽተት ወደለመደችው ቀዳዳ በቀጥታ ስለምትሄድ ወንፊቱ ያግዳታል። የአልጋ አጎበር ለዚህ አይሆንም፤ ጥፍራቸው ይያዝበታል። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የተጣለ የዓሣ መረብም አይሆንም፤ ተጠልፈው ያድራሉ፣ ጠዋት ሞተው ያገኟቸዋል። ወንፊቱ ሳይነሣ ቢያንስ ሰባት ሌሊት ይቆይ፤ በዝናብ ምሽት ላይወጡ ስለሚችሉ ክረምት ላይ አሥር ቢያደርጉት ይሻላል። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው፦ ሁለት ሌሊት ጠብቆ ይደፍናል፣ ውስጥ የቀሩት በኮርኒሱ መብራት ቀዳዳ ወደ ቤት ይገባሉ፣ ከዚያ «ዘዴው አልሠራም» ይባላል።

የተጠራቀመውን ኩስ በደረቁ አይጥረጉ። የአእዋፍና የሌሊት ወፍ ኩስ ላይ የሚያድግ ሳንባን የሚያሳምም ፈንገስ አለ፤ የሚጎዳው አቧራው ሲተነፈስ ነው። ኤን-95 ማስክና የላስቲክ ጓንት አድርገው፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው በደንብ ያርጥቡት፤ 15 ደቂቃ ጠብቀው በአካፋ ወደ ወፍራም ላስቲክ ይጫኑት፣ አፉን ይሰሩት። መስኮት ክፍት ይሁን፤ በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ አይሥራ።

አንዷ ተሳስታ ቤት ከገባች የጣሪያውን ማራገቢያ ወዲያው ያጥፉ፣ የውስጥ መብራት ያጥፉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ የክፍሉን በር ዘግተው ይውጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ በ20 ደቂቃ ውስጥ ራሷ ትወጣለች። ፀጉር ላይ ትጣበቃለች የሚባለው ሐሰት ነው። ወለል ላይ ካረፈች በወፍራም ጓንት የጫማ ካርቶን ይክደኑባት፣ ከሥር ጠንካራ ወረቀት ያስገቡ፤ ሲመሽ ዛፍ ግንድ ላይ ከሰው ቁመት ከፍ አድርገው ያስይዟት፤ ብዙዎቹ ከመሬት ተነሥተው መብረር ይቸግራቸዋል። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት መጠየቅ ግዴታ ነው። ቁስሉ ትንሽ ነው ብለው አይተዉት፤ ጥርሳቸው የመርፌ ጫፍ ስለሚያህል ምልክቱ ላይታይ ይችላል።

ስለ ፕሮግራሞቹ። የአገር ውስጡንና የውጭውን ለይተው ይያዙ። የአገር ውስጡ በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ሥር ስለሆነ መጀመሪያ ለጣቢያው፣ መልስ ካጡ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን በጽሑፍ ያመልክቱ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ የፕሮግራሙ ስም፣ የተላለፈበት ቀንና ሰዓት፣ የትኛው ክፍል ላይ ምን እንደታየ፣ ከዚያ በኋላ ልጆች ምን እንዳደረጉ። የሚፈልጉትንም በግልጽ ይጻፉ፦ ያ ክፍል በድጋሚ እንዳይተላለፍ፣ በሌላ ሰዓትም የሌሊት ወፍ ከቤት በደህና እንዴት እንደሚወጣ ባለሙያ ቀርቦ እንዲያስረዳ። ባለሙያ ለማግኘት ጣቢያው ሩቅ መሄድ የለበትም፤ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የወንዶ ገነት ደንና ተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ የዱር እንስሳት ትምህርት የሚሰጥበት ነው። ቅጂ ለዘላለም ስለማይቀመጥ በቀናት ውስጥ ይጻፉ። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝና መግደል በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚያስጠይቅ ስለሆነ የደብዳቤውን ግልባጭ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ቢያደርሱ ተገቢ ነው። በሳተላይት የሚመጣውን የውጭ ውድድር ግን እነዚህ ሕጎች አይደርሱበትም፤ ለጣቢያው በኢሜይል መጻፍና ቤት ውስጥ ቻናሉን መቀየር ነው ያለዎት አቅም። አንድ ነገር ግን በእጅዎ ነው፦ ያንን ቁራጭ ቪዲዮ በቴሌግራምም በቲክቶክም አያጋሩ፣ «ተመልከቱ ይህን ጭካኔ» ብለው እንኳን ቢሆን። የሚያየው ሰው ሲበዛ ፕሮግራሙ ይደገማል፤ ከሚያዩት ልጆች ግማሹ ጽሑፍዎን አያነቡትም።

ለልጁ «አትንካ» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ምሽቱን የሚሞላ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ከላይ ያልኩትን ቆጠራ ለእርሱ ይስጡት። ደብተር፣ እርሳስና ሰዓት ይዞ ከመውጫው ሰባት ስምንት ሜትር ርቆ፣ ከበስተጀርባው ሰማይ እንዲታየው ሆኖ ይቀመጥ፤ ባትሪ መውጫው ላይ አያብራ፣ ይመለሳሉ። እያንዳንዷ ስትወጣ አንድ ጭረት፣ አምስት ሲሞላ አግድም። የመጀመሪያዋ የወጣችበትንና የመጨረሻዋን ሰዓት ይጻፍ፤ ከመረቡ በፊት ሦስት ምሽት፣ ከመረቡ በኋላም በየምሽቱ። ጓደኞቹም ከጓሮ በኩል ይቁጠሩና ይደማመር። ከላይ ያልኳቸው ሰባት ወይም አሥር ሌሊቶች ካለፉ በኋላ ቁጥሩ ሁለት ዝናብ የሌለባቸው ምሽቶች በተከታታይ ዜሮ ሲሆን፣ በማግስቱ ጠዋት ወንፊቱን አንሥታችሁ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ድፈኑ።